ጅማን ልጎበኝ ሄጄ ለቅሶ የተቀመጥኩበት ሳምንት

እኔ የምታለል ሰው አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ሌላ ነገር እንዳያስብ ነው። ደብረ ብርሃን በአንድ የዱቄት ፋብሪካ ንብረት ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከመጋዘኔ ያለ ፊርማ የወጣ ባዶ ጆንያ እንኳ የለም። ባለቤቴ ሙሉ እንደምትለው ከሆነ በእንቅልፍ ልቤም "ፈርም" እላለሁ።

ዘንድሮ ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ሊቃጠል ሲል አለቃዬ በግድ አስወጣኝ። ጅማን መረጥኩ። ልጅ ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን "ጅማ ጫካ ውስጥ ቡና ማንም ሳይተክለው ይበቅላል" ብሎን ነበር። እኛ አገር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ብርድ ብቻ ስለሆነ ነገሩ ከልቤ አልወጣም። ችግሩ ወሩ ሐምሌ ነው። ሙሉ "ሰው በደረቅ ይጎበኛል፣ አንተ በጎርፍ?" ብላ ሳቀችብኝ።

የሥራ ባልደረባዬ በላቸው ግን አልሳቀም። እሱ አንድ ክረምት ስሙን ወደማላነሳው የጉብኝት ከተማ ሄዶ ጉድ የሆነ ሰው ነው። ከሆቴሉ አልጋ ላይ ሆኖ ድምፁ የሚሰማውን ፏፏቴ ለማየት አስጎብኚ ቀጠረ። የጫካ ማር ብሎ የገዛው እቤት ሲደርስ ስኳር ሆነ። አንዲት አህያ ፎቶ በማንሳቱ ደግሞ ሦስት ሰዎች "ባለቤቷ እኔ ነኝ" ብለው አስከፈሉት። "ችግሩ ክረምቱ ነው ዘሪሁን" አለኝ። "በበጋ መቶ እንግዳ አለ፣ መቶ አታላይ አለ፤ አንድ ለአንድ ነው። በክረምት አታላዩ ያው መቶ ነው፤ እንግዳው ግን አንተ ብቻ ነህ።"

ይህ ሂሳብ ሁለት ቀን አላስተኛኝም። በመጨረሻ መላ መጣልኝ። በአገራችን ለቅሶ የሚሄድን ሰው የሚያስቸግር የለም። ዋጋ አይጨምሩበትም፣ "ፏፏቴ ላሳይህ" አይሉትም። ስለዚህ ማንም ቢጠጋኝ "ለቅሶ ነው የመጣሁት" እላለሁ። መስታወት ፊት ቆሜ ተለማመድኩት። ሙሉ "ኧረ ሟርት ነው!" ብላ ጮኸችብኝ፤ አልሰማኋትም።

ሰኞ

የጅማ አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሳ አዲስ አበባ መናኸሪያው አጠገብ አንድ ፔንሲዮን ውስጥ አደርኩ። በሩ ቁልፍ አለው። እኔ ግን በሰው ቁልፍ አልተማመንም፤ ከቤት ይዤ የመጣሁትን ጓጉንቸር ከውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን ካልሲዬ ውስጥ ከብሬ ጋር ከትቼ ተኛሁ።

ስነሳ ቁልፉ የለም። ካልሲዬን ገለበጥኩ፣ ፍራሹን ገለበጥኩ፤ የለም። በሩን ከውስጥ መደብደብ ጀመርኩ። ዘበኛው እየሮጠ መጣ።

"ማነው የቆለፈብዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ይክፈቱታ" አለኝ።

ምስኪን በመስኮት የብረት መጋዝ አቀበለኝ። እኔ ከውስጥ ስገዘግዝ እሱ ከውጭ "አይዞዎት፣ ቀስ ብለው" ይለኛል። ከዚያ ሻንጣዬን ተሸክሞ አውቶቡሱ ድረስ አብሮኝ ሮጠ። ጉርሻ ልሰጠው እጄን ብዘረጋ መለሰልኝ። "መልካም መንገድ ጋሼ፤ ብቻ ካሁን በኋላ አይቆልፉ" አለኝ። እኔ መቼም እኔ ነኝና ቦታዬ ላይ እንደተቀመጥኩ ሻንጣዬን ከፍቼ የጎደለ ነገር እንዳለ ፈተሽኩ። ምንም አልጎደለም። ቁልፉ መንገድ ላይ ጫማዬ ውስጥ ተገኘ።

ማክሰኞ

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ገና ከተማው ሳያልቅ ቆሎ አወጡና "እንካ ልጄ፣ ያዝ" አሉኝ። በላቸው ደግሞ አውቶቡስ ላይ ከማታውቀው ሰው ምንም እንዳትበላ፣ አደንዛዥ ነገር ይጨምሩበታል ብሎኛል።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጾም ነኝ" አልኳቸው።

"በማክሰኞ? የምን ጾም ነው?"

"የስለት ነው እማማ።"

"እሰይ የኔ ልጅ!" ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ። ይኸው ጣጣ አመጣብኝ። ወልቂጤ ለምሳ ስንቆም ሰው ሁሉ ክትፎ አዘዘ። እሳቸው ከፊቴ ተቀምጠው እያንዳንዱን ጉርሻ ከመዋጣቸው በፊት "ለአንተማ ጌታ ጽናቱን ይስጥህ" ይሉኛል። ክትፎ ስወድ ደግሞ! ቤታችን ክትፎ በዓመት ሁለቴ ነው የሚሠራው፤ እዚህ አገሩ ድረስ መጥቼ ውኃ ጠጥቼ ተነሳሁ።

የጊቤን በረሃ ወርደን ከወጣን በኋላ አገሩ አረንጓዴ ብቻ ሆነ። እኛ ዘንድ በሐምሌ ሜዳው ይለመልማል፣ ግን እንደበረደው ሰው ኩርምት ያለ ነው። እዚህ ዛፉም ሣሩም አጥሩም በአንድ ላይ ያድጋል። ጅማ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ዝናቡ ይወርዳል። የደብረ ብርሃን ዝናብ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ የጅማው ለብ ያለ ነው፣ ግን ማቆሚያ የለውም።

ከመናኸሪያው እንደወጣሁ አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ሹፌሩ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጢሙን ያሳደገ ሰው ነው። በኋላ እንዳወቅሁት ስሙ ነስሩ ይባላል።

"የት ልውሰድዎት ጋሼ?"

ፊቴን አከበድኩና የተለማመድኩትን አወጣሁ። "እኔ ጎብኚ አይደለሁም። ለቅሶ ነው የመጣሁት።"

ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። የማን ለቅሶ ነው?"

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ስም ሳይሞላ ቅጽ ሲያመጣልኝ ስቆጣ የኖርኩ ሰው፣ የሟቹን ስም አላዘጋጀሁም።

"የ... የዘመዴ" አልኩት።

"ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለው ነው? የሚዛን ጠጋኙ፣ የጋሽ መኮንን?"

"አዎ" አልኩ። እንዲገላግለኝ ብዬ ነው፤ ገብቼ ተቀመጥኩና ተነሳን።

"ከየት ነው የመጡት?"

"ከደብረ ብርሃን።"

ነስሩ ባጃጁን መሃል መንገድ ላይ አቆመው። በዝናቡ ወርዶ ዞሮ መጣና ሁለት እጄን ያዘኝ። "ወላሂ! ከሸዋ? ከአገሩ ሰው መጣለት? አልሐምዱሊላህ!" ከኋላችን የቆሙት መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ፣ እሱ እጄን ያወዛውዛል። ሆቴሌን ብጠራለት ተቆጣ። "ምን ሆቴል አለ? ቤትዎ እያለ!"

መንገዱን ሙሉ አወራኝ። ጋሽ መኮንን በጉርምስናው ከሸዋ መጥቶ ጅማ መርካቶ ውስጥ አርባ ዓመት የቡና ነጋዴ ሚዛን ሲያስተካክል የኖረ ሰው ነው። ሁለት ነጋዴዎች ሲጣሉ "መኮንን ያያት ሚዛን ናት" ከተባለ ጠቡ ያበቃል። የተቀበረው ትናንት ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎታል፦ በዚህ ሁሉ ዘመን ከወገኑ አንድ ሰው መጥቶ ጠይቆት አያውቅም። ሚስቱ እትዬ አስካለ "ይመጣሉ፣ መንገዱ ሩቅ ሆኖባቸው ነው" ስትል ኖራለች። አሁንም ድንኳኑ ከተተከለ ጀምሮ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ሰፈሩ ደግሞ ማንሾካሾክ ጀምሯል፤ "ዘር የሌለው ሰው ነው ያገባችው" እያለ።

ልንገረው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ድንኳኑ ፊት ለፊታችን ነበር። ነስሩ ገና ሳይወርድ "ከደብረ ብርሃን መጡ! የጋሽ መኮንን ዘመድ መጡ!" ብሎ ጮኸ። ድንኳን ውስጥ የነበረው ወንድ በሙሉ ብድግ አለ። ከቤት ውስጥ ጥቁር የለበሰች ሴት ወጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ከእኔ ይልቅ ለጎረቤቶቿ ነበር የምትናገረው። "ይኸው መጡ! አላልኳችሁም? ይኸው መጡ!"

ከሩቅ የመጣ ዘመድ ዝም ብሎ አይገባም፣ ጮኾ ነው የሚገባው። ሁሉም እኔን ያያል። "ወንድሜን! ወንድሜን!" አልኩ። መጀመሪያ የውሸት ነበር። ከዚያ ርሃቡ፣ ጓጉንቸሩ፣ ያልበላሁት ክትፎ፣ የሴትየዋም ክብደት አንገቴ ላይ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰዎቹ ይዘው አስቀመጡኝ። አንዱ "ይብላኝ ለሱ፣ ዘግይቶ ለመጣው" ሲል ሰማሁ።

የራሰ ጫማዬን ሲያወልቁልኝ ካልሲዬ ውስጥ ያለው ብር ዱብ ዱብ አለ። አንዲት ጎረቤት ብሩን ለቅማ ከሰል ምድጃ ዳር አንድ በአንድ አሰጣችው። ጠዋት በፖስታ አድርጋ መለሰችልኝ። ቆጠርኩት። እያፈርኩም ቆጠርኩት። ሙሉ ነው።

ረቡዕ

ሰልስት ነው። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን ድንኳኑ ሞላ። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የቡና ነጋዴውም ጋሪ ነጂውም አለ። አማርኛው ከኦሮምኛ፣ ዱዓው ከጸሎቱ ጋር ተቀላቅሏል። ደብረ ብርሃን ለቅሶ ላይ ሰው በጋቢ ተጠቅልሎ ዝም ይላል። እዚህ ያወራሉ፣ ካርታም ይጫወታሉ። በላቸው "ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ካርታ እንዳትቀመጥ" ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን የሟች ዘመድ ስለሆንኩ መሃል አስቀመጡኝና ሆን ብለው አምስት ጊዜ ተሸነፉልኝ። ሐዘኔን ለማስረሳት ነው መሰለኝ።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገብረየስ ይባላሉ። ረጅም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ናቸው። የሟችን ወገን መመዝገብ አለብን ብለው ደብተር ይዘው መጡ። እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ደብተር የማልፈርምበት ቀን የለም።

"ለሟቹ ምናቸው ነዎት?"

"የአክስቱ ልጅ... ማለቴ የአክስቴ ልጅ ነው።"

"እሺ። አክስትዎ፣ የሟች እናት ማለት ነው፤ ስማቸው?"

ስም መፍጠር አልችልም። ቢገድሉኝም አልችልም፤ በደብተር ላይ የሌለ ነገር ማስገባት ከእጄ አይወጣም። ያለችኝ አንዲት አክስት ናት። "እትዬ ወርቄ" አልኩ። እትዬ ወርቄ በሕይወቷ አንድም ልጅ ወልዳ አታውቅም።

"በሕይወት አሉ?"

"አሉ።"

ያን ቀን ከአፌ የወጣ እውነት ይህ ብቻ ነው። የከፋውም እሱ ሆነ። ካርታው ቆመ። ከውስጥ የእትዬ አስካለ ድምፅ መጣ፦ "እናቱ አለች? የመኮንን እናት በሕይወት አለች?" ከዚያ የሴቶቹ ለቅሶ እንደ አዲስ ተነሳ። ልጇ መሞቱን ያልሰማች የሰማንያ ሁለት ዓመት እናት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቁጭ ብላለች። እኔም አብሬ ማልቀስ ነበረብኝ።

ጋሽ ገብረየስ መነጽራቸውን አወለቁ። "እናቱን እርስዎ ያረዳሉ፤ ከእርስዎ የቀረበ የለም። ግን ከዚያ በፊት አንድ መርዶ እዚሁ አለብን።" አጋሮ ውስጥ አባ ኦሊ የሚባሉ የቡና ገበሬ አሉ፣ የመኮንን የዕድሜ ልክ ወዳጅ። ልባቸውን ታመው ሰንብተው ገና ከሕክምና መመለሳቸው ነው፣ አልተነገራቸውም። በልማዱ መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ የሥጋ ዘመድ ቢነግራቸው ደግሞ ይሻላል ተባለ። "ከጉርምስናው ጀምሮ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው" አሉኝ ጋሽ ገብረየስ፣ እንደ ማጽናኛ።

እኔ ብዋረድ አውቶቡስ ተሳፍሬ እሄዳለሁ። አስካለ ግን የትም አትሄድም። አርባ ዓመት "ይመጣሉ" ብላ የጠበቀችው ሰው መናኸሪያ ላይ የተገኘ ቱሪስት ነው ከተባለ፣ እዚያ ሰፈር ውስጥ ቀና ብላ አትሄድም። ያን ቀን የቀረበልኝን ምስር ወጥ ሦስት ጊዜ ቢጨምሩልኝም አንድም አልጣፈጠኝም።

ሐሙስ

ሊነጋጋ ሲል ነስሩ የተዋሰው ፒክአፕ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን፤ እሱ፣ ጋሽ ገብረየስና እኔ። መንገዱ ግራ ቀኝ ጭጋግ ነው፤ ከጭጋጉ ውስጥ ጫካ ብቅ ይላል፣ ከጫካው ሥር ቡናው ጨለም ብሎ ይታያል። ልጅ ሆኜ የሰማሁት ቡና ይኸው ነው። ዓይኔ ግን አላየውም። እኔ የማስበው አባ ኦሊ "አንተ ማነህ?" ሲሉኝ ምን እንደምል ነው። አንድ ጊዜ "መኪናውን አቁም፣ ሆዴን አመመኝ" አልኩ። ነስሩ በሐዘን ነው ብሎ ጀርባዬን ደባበሰኝ።

አባ ኦሊ በራቸው ላይ በጋቢ ተቀምጠው ነበር። በዚያ ሰዓት ሦስት ወንዶች ግቢያቸው ሲገቡ ሲያዩ ነገሩ ገብቷቸዋል።

"ማነው?" አሉ።

"መኮንን ነው" አሉ ጋሽ ገብረየስ።

ሽማግሌው አልጮኹም። "ያ ረቢ" ብለው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አስተኙት። "ኦቦሌሳ ኮ። ወንድሜ።" ጎረቤቶች ገቡ፣ ሴቶቹ አለቀሱ። ትንሽ ከተረጋጉ በኋላ ጋሽ ገብረየስ እኔን ወደ ፊት ገፉኝ። "አባ ኦሊ፣ ይህ የአክስቱ ልጅ ነው፤ ከሸዋ ነው የመጣው።"

አባ ኦሊ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሽማግሌው ያደጉት ቡና ሲገዙና ሲሸጡ ነው፤ የረጠበ ጆንያ በዓይናቸው ያውቃሉ።

"የአክስቱ ልጅ?"

"አዎ አባ ኦሊ።"

"ደግፈኝ እስቲ። ሽንት ቤት አድርሰኝ።"

ሽንት ቤት አላደረስኳቸውም። ከቤቱ ጀርባ ቡናው ውስጥ አስገቡኝና ማንም በማይሰማን ቦታ ቆሙ። "መኮንን አክስት የለውም" አሉኝ። "እናትም የለውም። ያደገው እጓለ ማውታ ማሳደጊያ ውስጥ ነው። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። አንተ ማነህ?"

ሁሉንም ዘረገፍኩት። በላቸውን፣ መቶውን አታላይ፣ መስታወቱን፣ ባጃጁን፣ ደብተሩን። "ጎብኚ ነኝ" አልኳቸው። "እንዳልታለል ብዬ ነው።"

አባ ኦሊ የቡና ግንድ ይዘው ሳቁ። እንዳይሰማ አፋቸውን በጋቢው አፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። ከቤት ያሉት ሰዎች ያለቅሳሉ ብለው እንዳሰቡ እርግጠኛ ነኝ። ልባቸውን ፈርቼ "ኧረ ይረፉ" አልኳቸው። እንባቸውን ጠርገው ነገሩኝ።

መኮንን አስካለን ሲወድ አባቷ "ሽማግሌ ላክ፣ ዘመዶችህን ልይ" አሉት። ዘመድ የለውም። ሁለቱ ጎረምሶች፣ እሱና አባ ኦሊ፣ ጅማ መናኸሪያ ሄዱ። ከአዲስ አበባው አውቶቡስ ከወረዱት ውስጥ ነጭ የለበሱና መልካቸው ደህና የሆነ ሦስት ሰዎች መረጡ። ምሳ ጋበዟቸው፣ ለመኗቸው። ሰዎቹ የመኮንን አጎቶች ሆነው ሄደው ልጅቷን ለመኑ። "አንደኛውማ መኮንንን ታቅፎ አሳደግሁት እያለ አለቀሰ!" አሉ አባ ኦሊ። በነጋታው ሦስቱም ወደየሥራቸው ሄዱ። አባ ኦሊ ስማቸውን እንኳ አያውቁም።

"ሦስት ነበሩ" አሉኝ፣ ደረቴን በጣታቸው እየነኩ። "አንተ አራተኛ ነህ።"

"እንግዲያው ለእትዬ አስካለ እውነቱን ልንገራት" አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት፤ ከብዶኝ ነበር።

"ለማን ብለህ? አንተ እንዲቀልህ? ባሏን ቀብራለች። አሁን ደግሞ ዘመዶቹን ትቅበር?" ተቆጡኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እናት ሰጥተኸዋል። እኔ አርባ ዓመት አስቤ እናት መስጠት አልመጣልኝም። እንግዲህ የሰጠኸውን አትንጠቀው።"

ልንመለስ ስንል ክንዴን ያዙ። "ጎብኚ ነህ አይደል? በል ጎብኝ፤ ቡና ይኸውልህ።" አንዱን ቅርንጫፍ አጎንብሰው ገና አረንጓዴ የሆነውን ፍሬ አሳዩኝ። ዝናቡ ከቅጠሉ ላይ አንገቴ ውስጥ ይንጠባጠባል። ሁለታችንም ሳቃችን አለቀና እዚያው ቆመን አለቀስን። የማላውቀውን ሰው ከልቤ አለቀስኩት።

ቤት ስንገባ ቡና በጨው አቀረቡልኝ። እኛ ሦስት ማንኪያ ስኳር ነው የምንጨምረው። ሁለት ሲኒ ጠጣሁ፤ ጥሩ ነው።

ዓርብ

ስሰናበት እትዬ አስካለ ሻንጣዬን ሳትጠይቀኝ ከፍታ ቡና ሞላችበት፣ አንድ ጣሳ ማርም ጨመረች። ማሩን አልቀመስኩም፣ አልመረመርኩም። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም።

"ዘሪሁንዬ" አለችኝ፣ "ያን ያህል ዘመን ስለ እናቱ አንድ ቀን አላወራኝም። ቅያሜ ነበራቸው?"

"የለም እትዬ አስካለ። ቅያሜ የለም።"

"አርባው እንዳለፈ እመጣለሁ። እግራቸውን እስማለሁ። ልጅዎን ደህና አድርጌ ነው የያዝኩት እላቸዋለሁ። ይህን ሳልላቸው ብሞት አይኔ አይከደንም። ትወስደኛለህ አይደል?"

"እሺ" አልኳት። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሰሙ። አስካለ ቀና ብላ አየቻቸው። አማቷ ዘንድ ልትሄድ ነው።

ነስሩ መናኸሪያ ወሰደኝና ሒሳብ አልቀበልም አለ። ግማሽ መንገድ ላይ በጣቱ ወደ ጭጋጉ ጠቆመ። "ጅሬን እዚያ ላይ ነው፣ የድሮው ቤተ መንግሥት። እንግዳ ሁሉ የሚያየው እሱን ነው።" ጭጋጉን አየሁ። ጅማ ሄዶ ቤተ መንግሥቱን ያላየ ጎብኚ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እሁድ

ቅዳሜ ማታ ገባሁ። በላቸው ደውሎ "አታለሉህ?" አለኝ። "የለም" አልኩት። ስልኩንም ዘጋሁት። እሁድ ከቅዳሴ መልስ እትዬ ወርቄ ቤት ሄድኩ።

እትዬ ወርቄ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ባሏን በወጣትነቷ ቀብራ ብቻዋን የኖረች፣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ የምትገሥጽ። ፊቷ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ስለ ደብተሩ ስደርስ በምርኩዟ ትመታኛለች ብዬ ራቅ አልኩ። አልመታችኝም።

"ማን ነው አልክ ስሙ?"

"መኮንን።"

"ምን ይሠራ ነበር?"

"ሚዛን ያስተካክል ነበር፤ የቡና።"

"ሰው ያታልል ነበር?"

"ኧረ የለም። ከተማው ሁሉ ያምነው ነበር።"

"በልጅነቱ ማን አበላው?"

"እንጃ እትዬ። ማሳደጊያ ነው ያደገው።"

እጇን ጉንጯ ላይ አደረገች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ የእኛ ብርድ በበሩ ስር ይገባል። ከዚያ ተነሳች፣ ነጠላዋን አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለበሰችው።

"ሂድ ጎረቤቶቼን ጥራልኝ። ሙሉም ትምጣ።"

"ምን ልበላቸው እትዬ?"

"ልጄ ሞቷል በላቸው።"

"እነሱ እኮ... አንቺ ልጅ እንደሌለሽ ያውቃሉ።"

"ምን አገባቸው!" ብላ ጮኸችብኝ። ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። በሩ ላይ ስደርስ መልሳ ጠራችኝ።

"ያቺስ ልጅ፣ ሚስቱ? እመጣለሁ ነው ያለችህ?"

"አርባው ሲያልፍ እመጣለሁ ብላለች። ካልፈለግሽ አንድ ነገር ብዬ አስቀራታለሁ።"

እትዬ ወርቄ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ተቆጥታ አየችኝ።

"ምን ብለህ ነው የምታስቀራት? ትምጣ እንጂ! ምራቴ አይደለች እንዴ?"